የእምዬ ግድግዳ

ልጆቼ፣

35 ዓመት በሒሳብ ሥራ ቆይቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ወጣት ባለሙያዎች ሲያገኙኝ "ጋሼ፣ ሒሳብ ማን አስተማረዎት?" ይሉኛል። የኮሌጅ ስም ነው የሚጠብቁት። እኔን ትዝ የሚለኝ ግን መንዝ ያለ አንድ ግድግዳ ነው።

አያቴን እምዬ ነበር የምንላት። ያሳደገችኝ እሷ ናት። ቤታችን ከመሐል ሜዳ በእግር ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። አገሩ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ኅዳር ላይ በጠዋት ስትወጡ ሣሩ በውርጭ ነጥቶ እግር ሥር ይንኮሻኮሻል። እንጨት ብርቅ ነው። የምንሞቀውም የምናበስለውም በኩበት ነበር።

በርኖስ ያየ ሰው የሸማኔውን እጅ ያደንቃል። ልክ ነው፣ የሚሸምነው ወንዱ ነው። ክሩ ግን የሴት ነው። የበጉን ፀጉር አጥባ፣ በጣቷ ለይታ፣ ፈትላ እስክታቀርብለት ሸማኔው እጁን አጣጥፎ ነው የሚቀመጠው። እምዬ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ እንኳ ትፈትላለች። እንዝርቷን ጭኗ ላይ ሽው አድርጋ ትለቃታለች፤ እየሾረች ትወርዳለች፤ መሬት ሳትነካ ትቀልባታለች። ደብረ ብርሃን ወርጄ የተማርኩት በዚያ ክር ነው። የቤት ኪራዬ፣ ደብተሬ፣ በጭነት መኪና የሚላክልኝ በሶ፣ ሁሉም ከዚያው።

በ12 ለሚካኤል፣ በ21 ለማርያም ግን እንዝርት አትነካም። ይህ ያናድደኝ ነበር። አንድ ቀን ደብተር ጎድሎኝ "እምዬ፣ ገንዘቡ እኮ ይቀርብናል" አልኳት። "ሚካኤልስ የሰጠኝን ቆጥሮብኛል እንዴ?" አለችኝ።

ወደ ግድግዳው ልመለስ። እምዬ ማንበብም መጻፍም አትችልም። የቤቱ ውስጥ በጭቃና በእበት የተለሰነ ነው። ከጎታው ጎን በከሰል ትሰምርበታለች። በግራ የተበደረችውን፣ በቀኝ ያበደረችውን። ረጅሙ መስመር አንድ ቁና፣ አጭሩ ግማሽ። ኮሌጅ ገብቼ ዴቢትና ክሬዲት ሲያስተምሩን ሳቄን አፍኜ ነው የተቀመጥኩት።

ጳጉሜን ሲደርስ ቤቱ ለእንቁጣጣሽ እንደ አዲስ ይለሰናል። ያን ጊዜ በግራ በኩል ያልከፈለችውን ቆጥራ ትይዝና፣ ልስኑ ሲደርቅ መልሳ ትሰምረዋለች። የቀኙን ትተወዋለች። ጭቃው ከዋጠው ዋጠው ነው። በ1976 በልጉ ቀረ። በ77 አገሩ ሲራብ በቀኙ በኩል የዚያን ያህል መስመር አይቼ አላውቅም፤ አብዛኛው አጭር አጭር ነበር፣ ጎታውም እየጎደለ ነበራ። ጳጉሜን ላይ ሁሉንም ለሰነችው። "እምዬ፣ ይሄ ሁሉ?" ብላት፣ "ከልጆቻቸው አፍ ልቀማ?" ብላ ጭቃዋን ማቡካት ቀጠለች።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ለግምጃ ቤት ቆጠራ ተላክሁ። ዝናብ ነበር፣ ቸኩያለሁ፣ ሠራተኛውም አንደበተ ጨዋ ነው። ከላይ ያሉትን ካርቶኖች አይቼ ፈረምኩ። ከሥር የነበሩት ባዶ ነበሩ። ለስምንት ወር ከደመወዜ ተቆረጠ። አገር ቤት ሄጄ ስነግራት ታጽናናኛለች ብዬ ነበር። እንዝርቷን ሳታቆም "ቆጥረህ ነበር?" አለችኝ።

"አልቆጠርኩም።"

"እንግዲያ ምን ትላለህ?" ብላ ቆሎ ዘግና ሰጠችኝ። ከዚያ ወዲህ ሳልቆጥር የፈረምኩበት ወረቀት የለም።

ምክር ስጠን ካላችሁኝ፣ እናንተ ግድግዳውን ገልብጣችሁ ይዛችሁታል። ጓደኛው የወሰደበትን 500 ብር ቴሌብር ከፍቶ ከነሰዓቱ የሚያሳየኝ ልጅ፣ ሥራ ሲያጣ ቤቱ ያሳደረውን ሰው ረስቶታል። ልቆጣችሁ አይደለም፤ እኔም ያው ነበርኩ። የግራውን ጻፉ። ሲቪያችሁን ያረመላችሁን፣ ለቃለ መጠይቅ ጫማ ያዋሳችሁን ጭምር። አያት ያላችሁ ደግሞ ለፋሲካ ስትሄዱ ስልኩን አስቀምጡና ያን ሁሉ ቤት እንዴት እንደያዘችው ጠይቋት። እኔ ብዙው ጥያቄ የመጣልኝ ከቀብሯ መልስ ነው።

እምዬ ያረፈችው በገና ጾም ነው። በ40ኛው ቀን፣ ተዝካሯ ላይ፣ አንድ ሽማግሌ አህያ እየነዱ መጡ። አላወቅናቸውም። ከወንዙ ማዶ በሌሊት ተነሥተው ነው የመጡት።

"በ77 ከእትዬ ሦስት ቁና ወስጃለሁ" አሉ።

አጎቴ ግራ ገባው። "አባባ፣ ግድግዳው ላይ እኮ የለም" አላቸው።

"እኔ ጋ አለ" አሉና ጆንያውን ፈቱ። ገብሱ ተበጥሮ፣ ተለቅሞ፣ ለዘር የሚሆን ነበር።