ከድሬዳዋ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው?

«እናቴ ከሐረር ተነስታ ዋሽንግተን ልትሄድ ነው። ከድሬዳዋ ስንት ኪሎ ሜትር ነው? ስንት ሰዓትስ ትበራለች?» ብለሽ የጠየቅሽው እህት፣ እኔም እናቴንና አክስቴን በዚሁ መንገድ ስለሸኘሁ የማውቀውን ልንገርሽ።

ኪሎ ሜትሩ ቀላል ነው። ከድሬ ቦሌ በአየር 340 ገደማ፣ ከቦሌ ዳለስ (የዋሽንግተን ኤርፖርት ነው) 11,500 ገደማ። የመጀመሪያው ቢበዛ አንድ ሰዓት ነው። ሁለተኛውን ግን ለአውሮፕላኑ ፍጥነት አካፍለሽ ሰዓቱን ለማግኘት አትልፊ።

ምክንያቱ ቦሌ ከፍታ ላይ መሆኑ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያልፋል። እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩም ክንፉም ጉልበት ያንሳቸዋል። ሰውና ሻንጣ ሞልቶ፣ እስከ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅም ጭኖ መነሳት ይከብዳል። ስለዚህ ሲሄድ መሃል ላይ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል። የሚያርፍበት ከተማ ይቀያየራል፤ አንድ ሰሞን ደብሊን ነበር። ለማዘር «አስተናጋጆቹ ካላሉሽ ከወንበርሽ እንዳትነሺ» በያት፤ ደረስኩ ብላ ቦርሳዋን ማውረድ ትጀምራለች አቦ! ሲመለስ ግን ዳለስ ቆላ ነው፤ ነዳጁን ሞልቶ ይነሳል፣ ነፋሱም ከኋላ ይገፋዋል። 13 ሰዓት ገደማ ይበቃዋል፣ በቀጥታ።

ብዙ ሰው የሚምታታበት ትኬቱ ላይ ነው። የተጻፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው፣ ያውም በየከተማው ሰዓት። ለምሳሌ መነሻ 22:30፣ መድረሻ 08:00 ቢል፣ ከምሽቱ 4:30 ተነስታ እዚያ ሲነጋ 2:00 ትደርሳለች ማለት ነው። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ብቻ ይመስላል። ግን ዋሽንግተን ከእኛ 8 ሰዓት ወደኋላ ነው፤ ስለዚህ መንገዱ 17 ሰዓት ተኩል ሆነ። ስምንቱ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ የካቲት መጨረሻ አካባቢ ነው፤ በቀረው ጊዜ ሰባት ይሆናል።

እኔ ብሆን የምቆጥረው ከቤት እስከ ቤት ነው። ከሐረር በደንገጎ ወርዶ ድሬ ለመድረስ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ኤርፖርት ቀድሞ መገኘት አለ፤ ቦሌ ላይ ደግሞ ቁጭ ብሎ መጠበቅ አለ። ከቀኑ 7 ሰዓት ከሐረር ብትወጣ፣ ዳለስ ሻንጣዋን ይዛ እስክትወጣ 28 ሰዓት ገደማ ያልፋል። ትንሽ በዛ ብሎ ቢገኝ አትደንግጪ።

የድሬውን በረራ ለብቻው አትግዢ። ሁሉም በአንድ ትኬት ይሁን፤ የመጀመሪያው ቢዘገይና ዋናው ቢያመልጣት ሌላ በረራ የሚፈልግላት አየር መንገዱ ነው። ለየብቻ ከሆነ ግን ኪሳራው የራስሽ ነው። ትኬቱን ስትቆርጪም ዊልቸር ጠይቂላት። በእግሯ ብትሄድም ጠይቂ፤ ክፍያ የለውም፣ የሚገፋው ሰው ኢሚግሬሽን ድረስ ይዟት ስለሚሄድ እንግሊዝኛ ለማትችል እናት ትልቅ ነገር ነው።

ከዳለስ ወደ ሌላ ስቴት የምትቀጥል ከሆነ ደግሞ ሻንጣዋን እዚያው ዳለስ ተረክባ፣ ጉምሩክ አሳልፋ፣ እንደገና ማስረከብ አለባት። ስለዚህ ቀጣዩን በረራ ቢያንስ ሦስት ሰዓት አርቀሽ ያዢላት።