የቴስላ ኮይል በትንሽ ወጪ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ያለኝ ገንዘብ በጣም ጥቂት ነው። የትኛውን ዓይነት የቴስላ ኮይል ብሠራ ይሻለኛል?

መልስ፦ የቴስላ ኮይል ዝቅተኛ ቮልቴጅን በፍጥነት ወደሚመላለስ በጣም ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚቀይር የሽቦ ጥቅል ነው። ፈልሳፊው ኒኮላ ቴስላ እ.ኤ.አ. በ1899 ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ውስጥ የሠራውን ዓይነት መብረቅ ካልጠበቁ፣ በአንድ ትራንዚስተርና በ12 ቮልት ባትሪ የሚሠራው ትንሹ ኮይል ይበቃዎታል። የሚያስፈልጉት ቲአይፒ 31ሲ ትራንዚስተር፣ 22 ኪሎ ኦም ሬዚስተር (ኮረንት የሚገድብ)፣ አንድ ኤልኢዲ (ትንሽ መብራት)፣ የፕላስቲክ ቱቦ ቁራጭና የመዳብ ሽቦ ናቸው።

ጥያቄ፦ ሽቦውን ከየት አገኛለሁ? ስንት ዙርስ ልጠቅልል?

መልስ፦ ሞተር የሚጠቀልሉ ባለሙያዎች ቫርኒሽ የተቀባ ሽቦ ስላላቸው እነሱን ይጠይቁ። 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ቱቦ ላይ 0.3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ሽቦ 400 ዙር ለመጠቅለል 63 ሜትር ያህል ይፈጃል፤ ይህም ሲመዘን ከ40 ግራም ብዙም አይበልጥም። ከተቃጠለ ሞተር የወጣውን ሽቦ ግን በነጻ ቢሰጡዎትም አይውሰዱ፤ ቫርኒሹ የተላጠ ስለሚሆን ዙሮቹ እርስ በርስ ይገናኛሉ። ዋናው ድካም ያለው እዚህ ላይ ነው። እኔ በመጀመሪያው ሙከራዬ ከ300 ዙር በላይ ከጠቀለልሁ በኋላ ሽቦው ከእጄ አምልጦ ስለተደራረበብኝ ሁሉንም ፈትቼ እንደገና ጀምሬአለሁ። ከዚያ ወዲህ በየ50 ዙሩ በቁራጭ ፕላስተር ሳላሲዝ አላልፍም።

ጥያቄ፦ ሁሉንም ገጣጥሜአለሁ፤ ነገር ግን ምንም ምልክት አይታይም።

መልስ፦ አስቀድመው የሽቦውን ጫፎች በምላጭ መፋቅዎን ያረጋግጡ፤ ቫርኒሹ ካልተነሣ ኤሌክትሪክ አያልፍም። የረጅሙ ጥቅል (የ400 ዙሩ) ታችኛው ጫፍ ከትራንዚስተሩ ቤዝ (ከሦስቱ እግሮቹ ኮረንቱን ከሚቆጣጠረው) ጋር ይያያዛል፤ ላይኛው ጫፍ ነጻ ይሆናል። ሬዚስተሩ ከባትሪው ፖዘቲቭ ወደ ቤዝ ይሄዳል። ሌላው የትራንዚስተሩ እግር፣ ኤሚተሩ፣ ከኔጋቲቭ ጋር ይገናኛል፤ የኤልኢዲው ካቶድ (አጭሩ እግር) ደግሞ ቤዝ ላይ፣ አኖዱ (ረጅሙ እግር) ኔጋቲቭ ላይ ይሆናል። ከቱቦው ውጪ 4 ዙር ያህል የሚጠቀለለው ወፍራም ሽቦ በፖዘቲቭና በትራንዚስተሩ ሦስተኛ እግር፣ በኮሌክተር፣ መካከል ይገባል። ይህ ሁሉ ትክክል ሆኖ ካልሠራ፣ የወፍራሙን ሽቦ ሁለት ጫፎች ያቀያይሯቸው፤ ከሚቀርቡልኝ አቤቱታዎች አብዛኞቹ የሚፈቱት በዚህ ነው፤ ምክንያቱም ሽቦው በተቃራኒ አቅጣጫ ሲገጠም ወደ ቤዝ የሚመለሰው ምልክት ትራንዚስተሩን ከማነሣሣት ይልቅ ያፍነዋል። ለመፈተሽ ክሩ የተቃጠለ የፍሎረሰንት አምፖል ያስጠጉ፤ ያለ ምንም ሽቦ ይበራል።

ጥያቄ፦ የማይክሮዌቭ ትራንስፎርመር አለኝ። በእሱ ትልቅ ብልጭታ ማግኘት አልችልም?

መልስ፦ በዚህ ጉዳይ አልተባበርዎትም። የሚያወጣው ወደ 2,000 ቮልት የሚጠጋ ሲሆን፣ አንድ ሰው ከነካው ሁለተኛ ዕድል የማይሰጥ መጠን ያለው ኮረንት ያሳልፋል። የማይክሮዌቩ ካፓሲተር ደግሞ መሣሪያው ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ጥያቄ፦ የትንሹን ኮይል ጫፍ ብነካውስ?

መልስ፦ ሞገዱ በሴኮንድ ወደ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ገደማ ስለሚመላለስ እንደ ቤት ኤሌክትሪክ ላይነዝርዎ ይችላል፤ ነገር ግን ጣትዎን በነጥብ ያቃጥላል። የልብ ምት መቆጣጠሪያ የተገጠመለት ሰው አጠገቡ አይቁም። ትራንዚስተሩንም ከአሉሚኒየም ቁራጭ ጋር በብሎን አጥብቀው፣ ከአንድ ደቂቃ በላይ ሳያቋርጡ አያሠሩት።