የቆየ የሳንባ ብግነት ሊምፎማ ያመጣል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ከዓመታት በፊት የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ይዞኝ መድኃኒቱን ጨርሻለሁ። ሳሉ ግን እየተመላለሰ ያስቸግረኛል። ሲብስብኝ ከፋርማሲ ፕሬድኒሶሎን የሚባል ብግነት የሚያበርድ ኪኒን ገዝቼ እውጣለሁ፤ ያሽለኛል። በቅርቡ የቆየ የሳንባ ብግነትና ቫይረስ ሲገናኙ ሊምፎማ የሚባል የነጭ የደም ሴሎች ካንሰር እንደሚያመጡ አነበብኩ። ከዚያ ወዲህ ልጆቼን መሳም ትቻለሁ።

መልስ፦ ካንሰር አይጋባም። ሊምፎማ ቢኖርብዎት እንኳ በመሳም ወደ ልጆችዎ አይሄድም። ያነበቡት ቫይረስ ኤፕስታይን ባር ይባላል፤ በምራቅ ይተላለፋል። ከ10 አዋቂዎች 9ኙ ተሸክመውታል፣ እኔም ሳይኖርብኝ አይቀርም። አብዛኞቻችንን ምንም ሳያደርገን አብሮን ያረጃል።

ያነበቡት ውሸት አይደለም። በሳንባ ሽፋን ውስጥ መግል ለ20 ዓመትና ከዚያ በላይ ሲቆይ፣ ነጭ የደም ሴሎች እዚያው ሳያርፉ ይራባሉ። ቫይረሱ ያለባቸው ሴሎች ከሰውነት መከላከያ ዓይን ተሰውረው ወደ ካንሰር ሊለወጡ ይችላሉ። በብዛት የታየው በጃፓን ነው፤ ድሮ ለቲቢ ሕክምና ደረታቸው ውስጥ አየር ይሞላላቸው በነበሩ ሰዎች ላይ። በጣም ብርቅ ነው። ተራ ሳል እዚህ አያደርስም።

ፕሬድኒሶሎኑ ግን አስቆጥቶኛል። ማን አዘዘልዎት? ሊምፎማን ለጊዜው ያኮማትረዋል፣ ናሙና ሲወሰድም ምርመራውን ያሳስታል። ቲቢው ተመልሶ ከሆነ ደግሞ ያባብሰዋል። ለልጆችዎ የሚያሰጋው ቲቢው ነው! ሳል 2 ሳምንት ካለፈው አክታ መመርመር አለበት፤ ውጤቱ እስኪታወቅ ማስክ ያድርጉ። ኪኒኑን ለሳምንታት በተከታታይ ከወሰዱት ግን በገዛ እጅዎ ድንገት አያቁሙት፣ እሱም ራሱን የቻለ አደጋ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት፦ ሌሊት ያልብዎታል? ብርድ ልብስ ሲበዛ የሚመጣውን ላብ ማለቴ አይደለም። ፒጃማው ሲጨመቅ ውሃ የሚወጣው፣ አንሶላ የሚያስቀይር፣ ትራሱን የሚያርስ፣ በብርድ ሌሊትም የማይቀር ላብ። ብዙ ሰው «ድካም ነው» ብሎ ልብሱን ቀይሮ ይተኛል፣ በማግስቱም እንደዚያው። አንዳንዱ መስኮት ይከፍታል። ወራት ያልፋሉ። እንዲህ ያለው ላብ በተደጋጋሚ ከመጣ፣ ቀበቶዎም ሳያስቡት ከላላ፣ አመቺ ቀጠሮ እስኪገኝ አይጠብቁ፤ ቲቢም ሊምፎማም እንዲህ ያለ ላብ ያመጣሉ። ደረት ላይ እብጠት፣ አንገት ላይ የማይጠፋ ንፍፊት ወይም ደም ያለበት አክታ ካለም ያው ነው።

ይህ ሁሉ ባይኖርብዎትም በዚህ ሳምንት ይታዩ። የቆየ የደረት ራጅ ካለዎት ይውሰዱት፤ ሐኪሙ ከአዲሱ ጋር ያስተያየዋል። የፕሬድኒሶሎኑን እሽግም ይያዙ፤ ስንት ጊዜ እንደዋጡት አይደብቁ።