የእንጨት ሰሌዳ ላይ ፊደል ለመቅረጽ ምን ልግዛ? ጠይቁኝ

ሰላም ነው? እንጨት ላይ ፊደል መቅረጽ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ቤታችሁ ሆናችሁ ሰሌዳ መሥራት ካማራችሁ ስለ መሣሪያው ጠይቁኝ። አንድ ነገር ግን ቀድሜ ልበል፦ ጣውላውን በሞርሳ ሳታስሩ መሮ አታንሱ። ግራ አውራ ጣቴ ላይ ያለው ጠባሳ የመጣው «ይቺን አንዲት ፊደል ብቻ» ብዬ በእጄ ይዤ ስሠራ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ለጀማሪ ራውተር ይሻላል ወይስ መሮ?

መልስ፦ መሮ። አንድ 12 ሚሊ ሜትር ጠፍጣፋ፣ አንድ 6 ሚሊ ሜትር፣ ለክብ ፊደል ደግሞ አፉ የጎበጠ አንድ። በቃ። ፊደሉን በእርሳስ ትሥላለህ፣ መሮውን በፊደሉ መሃል መስመር ላይ ቀጥ አድርገህ መታ መታ ታደርገዋለህ፣ ከዚያ ከግራና ከቀኝ ጠርዝ ወደ መሃል አጋድመህ ስትቆርጥ ሁለቱ ታች ይገናኙና ፍቅፋቂው ራሱ ብድግ ብሎ ይወጣል። ያቺ ቅጽበት ናት እኔን እዚህ ሥራ ላይ ያስቀረችኝ። ግድግዳዎቹ ወደ 60 ዲግሪ ከተገናኙ ጥላ ይይዛል፣ ቀለም ባትቀባውም ይነበባል። የኛ ፊደል ግን ተንኮል አለው። «መ»ን ውሰድ፤ ሁለቱ ቀለበቶች ውስጥ የምትቀረው እንጨት ትንሽ ደሴት ናት፣ ክሯ (የእንጨቱ ጭረት) አጭር ስለሆነ መሮው ትንሽ ከገፋት ተፈንቅላ ትሄዳለች። «ዐ»ም እንደዚያው። ስለዚህ ፊደሉን ተለቅ አድርግ፣ ደሴቷ አካባቢ በመዶሻ አትምታ፣ በእጅህ ብቻ ግፋ።

ጥያቄ፦ ራውተር ያላችሁት የዋይፋዩን ነው?

መልስ፦ አይደለም። እንጨት የሚቦረቡር ማሽን ነው።

ጥያቄ፦ ራውተሩ አለኝ። የ60 ዲግሪ ፑንታ ልግዛ ወይስ የ90?

መልስ፦ ይሄ ጥያቄ ነው። ፑንታ ማለት ራውተሩ ላይ የሚገባው መቁረጫ ነው፤ ዲግሪው የሹል ጫፉ ማዕዘን ነው። 10 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው መስመር ለማውጣት የ90ው 5 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፣ የ60ው ግን 8.7 ገደማ። ስስ ጣውላ ላይ ወፍራም ፊደል ከሆነ 90፣ ለቀጭን ፊደል 60። በአንድ ጊዜ አትውረድ፣ በሁለት ሦስት ዙር ጨርሰው። የፑንታውን እግር፣ ማሽኑ ውስጥ የሚገባውን ዘንግ፣ ለካ፤ 6 ሚሊ ሜትርና 6.35 ለዓይን አንድ ይመስላሉ፣ ግን የ6ቱን በ6.35ቱ መያዣ ካስገባህ ይንሸራተታል። ፑንታ ስትቀይር ሶኬቱን ንቀል። ጣውላውን እሰር።

አንድ አባል፦ ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቅረጫ ማሽን) ባለበት ዘመን መሮ ምን ያደርጋል? ፋይሉን ጭነህ ሻይህን ትጠጣለህ።

ሌላ አባል፦ ሰውዬው ለበሩ አንዲት ሰሌዳ ነው የፈለገው፣ ፋብሪካ ክፈት አላልነውም።

የመጀመሪያው፦ የእጅ ሥራ ጠማማ ነው፣ ያስታውቃል።

ሌላው፦ እሱ ነው እኮ ውበቱ!

መልስ፦ እናንተ ለብቻችሁ ተከራከሩ። ቀጣይ።

ጥያቄ፦ ጥሩ መሣሪያ የቱ ነው?

መልስ፦ ለምኑ? ፊደሉ ስንት ሴንቲ ሜትር ነው? እንጨቱ ምንድን ነው? ሰሌዳው ውጭ ነው የሚሰቀለው ወይስ ውስጥ? እነዚህን ይዘሽ ተመለሺ እህቴ።

ጥያቄ፦ መሮዬ አዲስ ነው፣ እንጨቱም ለስላሳ ነው፣ ግን ጠርዙ ይቦጫጨቃል።

መልስ፦ አዲስ ማለት የተሳለ ማለት አይደለም! ለስላሳ እንጨት ደግሞ ከጠንካራው ይልቅ ስል መሮ ይፈልጋል፤ የደነዘ ስለት ክሩን አይቆርጠውም፣ ይደፈጥጠዋል። 1000 ቁጥር መሳያ ድንጋይ ላይ ሳለው፣ ከዚያ 6000፣ መጨረሻ ላይ ቆዳ ላይ ወደ ኋላ እየጎተትክ አሸው። የለስላሳ እንጨት ቁራጭ ጫፍ ላይ ሞክረው፤ የተቆረጠው ፊት ካብረቀረቀ ደርሷል፣ ከነጣና ከሻከረ ተመለስ። ሌላ መሮ ከመግዛትህ በፊት ድንጋዩን ግዛ።

ጥያቄ፦ ኤምዲኤፍስ?

መልስ፦ ከእንጨት ብናኝ ተጨፍልቆ የሚሠራው ጣውላ ነው፤ ለራውተር ይሆናል። ብናኙ ክፉ ነው፣ ጭንብል አድርግ። ውጭ አትስቀለው፣ ውሃ ሲነካው ያብጣል።

ጥያቄ፦ ቀለሙ ከፊደሉ እየወጣ ወደ እንጨቱ ይሰርጋል።

መልስ፦ ቀድመህ ሙሉውን ቫርኒሽ ቀባ። ሲደርቅ ፊደሉን ቀለም ሙላ፣ ከዚያ ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት ጥረገው።

ጥያቄ፦ ይቅርታ፣ አሁን ነው የገባሁት። ራውተር ነው ወይስ መሮ የሚሻለው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከላይ አንብብ።

ጥያቄ፦ አነበብኩት። መሮውን ዛሬውኑ እገዛለሁ። ሞርሳ ግን የለኝም፣ ጣውላውን በሁለት ጉልበቴ መሃል ብይዘውስ?

መልስ፦ እንግዲያውስ ዛሬ ሞርሳ ግዛ። መሮው ነገ ይደርሳል።