ዋሳችሁ ማነው?

«ዘንድሮ ሰው አይታመንም» ትላላችሁ። ማን ነው የማይታመነው ስላችሁ ግን የአጎታችሁ ልጅ ይታመናል፣ አብሮ አደጋችሁም ይታመናል። የማይታመነው የማታውቁት ነው።

እኔ ያረጀሁት ድሬዳዋ፣ ባንክ ቤት፣ ብድር ክፍል ነው። ፋይል ሲመጣልኝ ቶሎ የማየው ዋሱን ነበር። ወንድም ለወንድሙ ቢዋስ አይገርመኝም፤ እምቢ ቢል ቤተሰቡ ያኮርፈዋል። ታይዋን በሚባለው የከተማችን ገበያ ያለ የሱቅ ጎረቤት፣ በቋንቋም በሃይማኖትም የማይገናኘው ሰው፣ «እኔ አለሁለት» ብሎ ሲፈርም ግን ልቤ ይረጋ ነበር። ያ ሰው ተበዳሪውን ሲሸጥ ሲገዛ አይቶታል።

ቶሺዮ ያማጊሺ የሚባል ጃፓናዊ ምሁር ይህን ነገር አጥንቶታል። እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው ጥናት፣ በቡድን ጥብቅ ትስስራቸው የሚታወቁት ጃፓናውያን ሰውን በጥቅሉ በማመን ከአሜሪካውያን ያንሳሉ። ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ በጠባብ ክበብ ውስጥ ሰው የማይከዳው መዘዙ ስለሚከብደው ነው ይላል። እዚያ ብቻ የኖረ ሰው እንግዳውን መዝኖ ማመን አይለማመድም።

ድሬ ደግሞ የእንግዳ ከተማ ናት። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ሲደርስ ዐረቡም፣ ግሪኩም፣ አርመኑም፣ ከደጋ የወረደውም ከአገሬው ሶማሌና ኦሮሞ ጋር ጎረቤት ሆነ። ዘመዱን ጥሎ የመጣ ሰው ጎረቤቱን ካላመነ ማንን ያምናል? (ሽማግሌውን ሁሉ «አንተ» ማለት የለመድነውም ከዚሁ ይመስለኛል። ሌላ አገር ሄዳችሁ እንዳትሞክሩት!)

ስለዚህ ዕቁብ ግቡ። የዘመድ ዕቁብ ብቻ ግን አይሁን፤ የገበያም፣ የመሥሪያ ቤትም ይሁን። ዕጣ ቀድሞ የወጣለት ሰው ዋስ ጠርቶ ብሩን ይወስዳል። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ይጥላል ወይስ ይጠፋል? ሰው የሚታወቀው እዚያ ነው። በትንሽ ብር ጀምሩ፤ ቢበላባችሁም አትጎዱም።

ሌላም ጥቅም አለው። ከተማው ሲረበሽ፣ «እነ እንትና እንዲህ አደረጉ» የሚል ወሬ በስልክ ይሯሯጣል። ያኔ ደውላችሁ «ወሪያ፣ እውነት ነው?» የምትሉት ከዚያኛው ወገን የሆነ ሰው አላችሁ? ከሌላችሁ ያገኛችሁትን ወሬ ሁሉ ታምናላችሁ።

ሁሉንም በጭፍን እመኑ አላልኩም። ብር ስታበድሩ በጽሑፍ ይሁን፣ ምስክርም ይፈርም። ለአክስት ልጅም ቢሆን። በብድር ሲካሰሱ ካየኋቸው ውስጥ ዘመዳሞች ጥቂት አልነበሩም፤ ውሉን «እንዴት በዘመድ!» ብለው የተዉት ናቸው።