ሰርቫይቨር ለምን እንደ ድሮው አይመስጥም? (መልስ)

«የአሜሪካው ሰርቫይቨር አልጥም አለኝ፤ ያረጀሁት እኔ ነኝ ወይስ ውድድሩ?» ላልከው፣ ኧረ አንተስ አላረጀህም። ሰርቫይቨር፣ ማለትም ተወዳዳሪዎች ጭው ባለ ቦታ እየኖሩ አንዱ ሌላውን በድምፅ የሚያባርርበት የቴሌቪዥን ውድድር፣ ከ2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከ39 ቀን ወደ 26 ቀን አጥሯል። 13 ቀን ቀላል እንዳይመስልህ! ድሮ በረሃብ ሲነጫነጩ፣ በአንድ ጭብጥ ሩዝ ሲኳረፉ እያየን ማን ማንን እንደጠላ ቀስ በቀስ ይገባን ነበር። አሁን ስማቸውን እንኳ ሳንይዝ ግማሾቹ ተባረው ያልቃሉ። በዚያ ላይ ተጫዋቾቹ የሚያገኟቸው ልዩ ጥቅሞች በዝተዋል፦ ከመባረር የሚያድን የተደበቀ መከላከያ፣ ተጨማሪ ድምፅ፣ የሰው ድምፅ መንጠቂያ... (አንድ ሰሞን ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ነበር የማየው፣ አልቀለድኩም።) ጎበዝ ተጫዋች በእነዚህ ሰበብ፣ በዕድል ብቻ ሲወጣ ያናድደኛል።

አንድ ነገር ግን ልመስክርለት። ከ2023 ወዲህ ክፍሎቹ 90 ደቂቃ መሆናቸው ጠቅሞታል፤ የሚባረረው ሰው ቢያንስ ምን ላይ እንደተሳሳተ እናያለን።

ስለ ዘፈን ውድድሩ ስለ ዘ ቮይስም ጠይቀሃል። እኔ የማየው ዳኞቹ ጀርባቸውን ሰጥተው የሚያዳምጡበትን ዙር ብቻ ነው። ወንበሩ ዞሮ የዳኛው ፊት ሲለዋወጥ ልብ ይሰቅላል። ከዚያ በኋላ ያለው ያው የተለመደ የዘፈን ውድድር ነው።

ሰርቫይቨርን ከ41ኛው ምዕራፍ (26 ቀን ከሆነበት) በፊት ከተውከው፣ በቀጥታ 45ኛውን (ክፍሎቹ 90 ደቂቃ የሆኑበትን) ጀምር።