ከወደቀው አውሮፕላን አትራቁ፦ ጥያቄና መልስ

በለገጣፎው የንባብ ክበባችን በጡረታ ላይ ያሉ የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ አባላችን በበረሃና በበረዶ ስለወደቁ አብራሪዎች የመለሷቸው ጥያቄዎች የሚከተሉት ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በረሃ ላይ የወደቀ አብራሪ ቀድሞ ምን ማድረግ አለበት?

መልስ፦ ከአውሮፕላኑ አለመራቅ፤ ከሰማይ ለሚፈልግ ሰው ክንፍ ይታየዋል፣ መንገደኛ ግን አይታየውም። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1943 «ሌዲ ቢ ጉድ» የተባለችው የአሜሪካ ቦምብ ጣይ ከኔፕልስ ወደ ሊቢያ ስትመለስ ሰፈሯን በሌሊት አልፋ ወደ በረሃው ዘለቀች፤ ነዳጅ ሲያልቅም ዘጠኙም በጃንጥላ ዘለሉ። ስምንቱ ተገናኝተው፣ ባሕሩ ቅርብ መስሏቸው ወደ ሰሜን ምዕራብ አቀኑ። የያዙት ውሃ ግማሽ ኮዳ ስለነበር፣ ረዳት አብራሪው በማስታወሻው እንደጻፈው፣ የቀን ድርሻቸው አንድ የኮዳ ክዳን ብቻ ነበር። አውሮፕላኗ ግን ያለ አብራሪ ተጉዛ 26 ኪሎ ሜትር ያህል በስተደቡብ በሆዷ አርፋለች። በ1959 ሲመረምሯት ውሃና የሚሠራ ሬዲዮ ተገኘባት፤ ከስምንቱ ግን አንድም አልተረፈም።

ጥያቄ፦ ሽንት ይጠጣል?

መልስ፦ አይጠጣም። ቀጥሉ።

ጥያቄ፦ ምግብስ?

መልስ፦ በረሃ ላይ ከረሃብ በፊት ጥም ይገድላል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ተራምዶ እርዳታ መፈለግ አይሻልም?

መልስ፦ ልጄ፣ አሁን የመለስኩት ምን ነበር? አትራቁ ብያለሁ።

አንድ አባል፦ ፈረንሳዊው አብራሪ ጊዮሜ እ.ኤ.አ. በ1930 አንዲስ ላይ ወድቆ በእግሩ ወጥቶ አይደል የዳነው?

ሌላ አባል፦ እንግሊዛዊው አብራሪ ላንካስተርም በ1933 ሰሃራ ላይ ከአውሮፕላኑ ሳይርቅ ስምንት ቀን ጠብቆ ሞቷል፤ አስከሬኑ የተገኘውም በ1962 ነው።

መልስ፦ ሁለታችሁም እውነት ተናገራችሁ፣ ግን ነገሩን አደባለቃችሁት። በአንዲስ ውሃው ከእግር ሥር በበረዶ መልክ ተነጥፏል፤ ቆሞ መጠበቁ በብርድ መሞት ነው። ላንካስተርን የጎዳው መጠበቁ ሳይሆን ከበረራ መስመሩ ወጥቶ መውደቁ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት መስመራችሁን አስመዝግቡ፣ ከወደቃችሁም አትራቁ።

ጥያቄ፦ በዛሬው ቴክኖሎጂ ይህ ሁሉ ያስፈልጋል?

መልስ፦ ይህ የእኔ ሙያ ስለሆነ ታገሡኝ። የአደጋ ጊዜ አስተላላፊው፣ ማለትም አውሮፕላን ሲወድቅ ለሳተላይት ምልክት የሚልከው መሣሪያ፣ በ406 ሜጋኸርዝ ይጮኻል፤ በ121.5 ብቻ የሚሠራውን አሮጌውን ሳተላይቶች እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ አይሰሙትም። አዲሱም ቢሆን አንቴናው ወይም ገመዱ በግጭቱ ከተቆረጠ ድምፁ ከሣጥኑ አይወጣም፤ ስለዚህ የባትሪውን የማብቂያ ቀን ብቻ አይቶ የሚፈርም ቴክኒሻን ያናድደኛል፣ ገመዱን በእጁ ይዳስስ!

ጥያቄ፦ በአጠቃላይ ስለ በረሃ ቢያብራሩልን?

መልስ፦ የትኛው በረሃ? ምኑን? ጥያቄውን ለይታችሁ ለሚቀጥለው ወር አምጡት።